ስፖንጅ የማትፈልገው ሴት

ጀልባ ሻጩ በሱቁ መስታወት በኩል ሴትዮዋ ስትመጣ ሲያያት ገና «አቤት የዛሬው ቀኔ!» አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣቷን ትታ አታውቅም። አጭር ናት። የምትለብሰው የወንድ ካፖርት ትከሻው ክርኗ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረውም፤ እጅጌውም ሁለት ጊዜ ታጥፏል። ጫማዋን በር ላይ ታወልቅና ወለሉ ላይ ከተደረደሩት የአንድ ሰው ቀጫጭን የባሕር ጀልባዎች አንዱ ላይ ትቀመጣለች።

ዛሬም የእግር መርገጫውን እስከ መጨረሻው አስጠጋላት። እግሯ ግን አሁንም አልደረሰም። ሌላ ጀልባ ጎተተላት፤ መቀመጫው ሰፍቷት ገንዳ ውስጥ እንደገባ ሕፃን ወዲያ ወዲህ ተንሸራተተች። በባዶ እጇ አየሩን ብትቀዝፍ ክርኗ ከጀልባው ጠርዝ ጋር ተጋጨ።

«ይሄም አይሆንም፣ ወንድሜ።»

ትዕግሥቱ አለቀ። «እትዬ፣ ጀልባው እኮ ለእርስዎ ብሎ አያጥርም! ግራና ቀኙን ስፖንጅ ልጠቅጥቅልዎትና እንገላገል። ሰው ሁሉ እንዲያ ነው የሚያደርገው።»

«ስፖንጅ አልፈልግም» አለች፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ። «ባሕር ላይ እንኳ በልኬ ልቀመጥ።»

«ወይ ጣጣ!»

ስፖንጁን በግድም ቢሆን ሊያመጣ በር አጠገብ ወዳለው መደርደሪያ ሲጣደፍ ጫማዋን በእግሩ መታው። ጫማው ተገለበጠ፤ የወንድ ጫማ ነው። ከአፍንጫው ውስጥ የተጠቀጠቀ ጨርቅ ተዘረገፈ።

ዞር ብሎ አያት። ጀርባዋን ሰጥታው አየሩን እየቀዘፈች ነው። ጎንበስ ብሎ ጨርቁን እንደነበረ መለሰው። ከዚያም ባዶ እጁን ተመልሶ፣ እያጉረመረመ፣ የሚቀጥለውን ጀልባ ጎተተ።