ጎጆውን የከደንንለት ሰው

ሸሕዲ በኖርኩባቸው ዓመታት ሰፈራችን አንድ የመረዳጃ ማኅበር ነበረው። ያለው ማሽላ፣ የሌለው ጉልበቱን ያዋጣል፤ የተገኘውም ለተቸገረ ቤት ይደርሳል። ሰብሳቢያችን አንዲት አረጋዊት ነበሩ። ሁላችንም እማማ ነበር የምንላቸው።

አንድ ዓመት ግንቦት ማለቂያ ላይ የአንድ ወሎዬ ጎጆ እንድንከድን አዘዙን። ሰውየው ለሰሊጥ አጨዳ ከሚመጡት የቀን ሠራተኞች፣ እኛ ሳሉግ ከምንላቸው፣ አንዱ ነበር። አግብቶ፣ ወልዶ እዚሁ ቀረ። ካላዛር የሚሉት የቆላ በሽታ ይዞት ጎንደር ሐኪም ቤት ከርሞ ሲመለስ ልብሱ ሰፍቶት ነበር። የጎጆው ክዳን በስብሷል፤ ዝናቡም ደርሷል።

ሣሩን በአህያ ጭነን ስንደርስ ከአልጋው ተነሥቶ፣ ግድግዳ እየተደገፈ ወደ መሰላሉ መጣ።

«ወዴት ነው?» አሉት እማማ።

«ልወጣ ነዋ። የኔ ቤት አይደል?»

«ወድቀህ ሌላ ጣጣ እንዳታመጣ። ጥላው ሥር ተቀመጥ።»

ተቀመጠ፤ ፊቱን ግን ወደ አጥሩ አዞረ። ሚስቱ ጠጋ ብላ፣ «የምታመጡልንን እህል እንኳ ደስ ብሎት አይበላም። የሰው እጅ ማየት ከበደው» አለችኝ።

ይህንኑ ለእማማ ነገርኳቸው። እሳቸውም አንድ እስር ልጥ አንሥተው ፊቱ አስቀመጡ።

«የነዚህ ልጆች ገመድ እየላላ አስቸገረን» አሉት። «እስቲ አንተ ሞክረው።»

ቀኑን ሙሉ ሲገምድ ዋለ። ሲደክመው ጋደም ይላል፤ ደግሞ ተነሥቶ ይቀጥላል። ሚስቱ የገመደውን ወደ ላይ ታቀብለናለች። እሱም ከታች ሆኖ፣ «አታባክኑት እንጂ፣ አጥብቃችሁ እሰሩ» እያለ ይቆጣናል።

ጀንበር ሳትጠልቅ ጨረስን። ሚስቱ ከማኅበሩ ማሽላ የጋገረችውን እንጀራ ስታቀርብ፣ እንደ ባለቤት «ብሉ እንጂ» እያለ አጎረሰን። ራሱም በላ።

እያደር አገገመ። እርሻ መዋል ግን ስላልቻለ በአንድ የሰሊጥ መጋዘን ዘበኛ ሆነ። ሥራ እስኪይዝ ድረስ ማኅበሩ እህሉን አላቋረጠበትም።

ከዚያ ወዲህ እህል ይዤ ሰው ቤት በገባሁ ቁጥር፣ ባለቤቱ የሚይዘው ሥራ ይኖር ይሆን ብዬ ዙሪያውን ማየት ልማዴ ሆነ። አንዳንዴ አገኛለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ሰውየው ጨርሶ የማይነሣ ይሆንና፣ ጆንያውን ብቻ አስቀምጬ እወጣለሁ።