ሳልጠይቅ የወሰድኳቸው ፋይሎች

ልጆቼን ያሳደግኩት በአንድ ሕግ ነው፤ የሰው ዕቃ ሳትጠይቅ አትንካ። ሕጉን የጣሰ ልጅ ከእኔ ምክርም ቁጣም አያጣም ነበር። እኔ ራሴ የጣስኩት ግን ልጆቼ ካደጉ በኋላ ነው።

ሥራዬ የጽሕፈት መኪና ጥገና ነበር። መኪናዎቹ ከየቢሮው እየወጡ ሲጣሉ፣ ሜክሲኮ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ያሳተምኳቸውን ገጾች እያነበብኩ ፕሮግራም መጻፍ ተማርኩ። አስተማሪ ስላልነበረኝ ስሳሳት የሚቆጣኝም አልነበረም። ይህን በኩራት አወራው ነበር፤ አሁን ከጉድለቴ እቆጥረዋለሁ።

ልደታ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ለሚሠሩ አቤቱታ ጸሐፊዎች አንድ ፕሮግራም ሠራሁ። የአመልካችና የተጠሪ ስም፣ የመዝገብ ቁጥር፣ ፍሬ ነገሩ፣ የሚጠየቀው ዳኝነት ሁሉም በየቦታው የሚገባበት ቅጽ ነው። በዊንዶውስም በሊኑክስም እንዲገባ መጫኛ አዘጋጀሁለት። መጫኛ ፕሮግራሙን ኮምፒውተሩ ላይ ከማስቀመጥ ሌላ አንድ ሥራ አለው፤ ሰው ፋይል ላይ ሁለቴ ሲጫን በየትኛው ፕሮግራም መከፈት እንዳለበት ለኮምፒውተሩ ይነግራል። የእኔ ፕሮግራም የራሱ ዓይነት ፋይል ስለነበረው ስለ እሱ ብቻ መናገር ይበቃኝ ነበር። በዊንዶውሱ መጫኛ ላይ ግን ተራዎቹን የጽሑፍ ፋይሎችም ጨመርኩ። ሰዎቹ የድሮ አቤቱታቸውን ሲከፍቱ እኔ ጋ ይመጣሉ፣ በዚያው ይለምዱታል ብዬ ነው።

ሊኑክስ የምትጠቀመው ታላቋ ልጄ በሁለቱም ላይ ሞክራልኝ ነበር።

«አባዬ፣ እኔ ጋ ፕሮግራምህ ከሌሎቹ ጋር ተሰልፎ ተራውን ይጠብቃል። ዊንዶውስ ላይ ግን ሁሉንም ነጥቆ ይይዛል። ለምን አትጠይቃቸውም?»

«ከጠየቅኳቸው የለመዱትን ነው የሚመርጡት።»

«ታዲያ ይምረጡ!»

«ሥርዓት በምርጫ አይለመድም» አልኳት። ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው ኖራለች።

የመጀመሪያዋ ተጠቃሚ ከፍርድ ቤቱ አጥር ማዶ፣ በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል የምትሠራ ጸሐፊ ነበረች። አንድ ቀን ማምሻውን በአሮጌ ኮምፒውተሯ ላይ ጫንኩላት። አንድ ጠዋት እንኳ አጠገቧ ተቀምጬ ሥራዋን አይቼ ቢሆን የማውቀውን ነገር ግን አላወቅኩም ነበር። እነዚህ ጸሐፊዎች ባዶ ገጽ አይከፍቱም። ከዚህ ቀደም የጻፉትን ተመሳሳይ አቤቱታ ሁለቴ ተጭነው ይከፍታሉ፣ ስሙንና ፍሬ ነገሩን ይቀይራሉ፣ በሌላ ስም ያስቀምጣሉ። የጽሑፍ ፕሮግራሙ ራሱ የት እንዳለ ብትጠይቋቸው አያውቁም፤ የሚያውቁት ፋይሉን ነው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ደወለች። «ጋሼ፣ ይድረሱልኝ! ፋይሎቼ ጠፉ።»

ስደርስ አንድ ሽማግሌ የውሳኔ ግልባጭ ጭናቸው ላይ አድርገው ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የይግባኛቸው ጊዜ የሚያበቃው በዚያው ቀን ነበር። ማመልከቻቸው ቀደም ብሎ ተጽፎ አልቋል፤ የቀረው ቀኑን ሞልቶ ማተም ነው። ጸሐፊዋ ፋይሉን ስትጫነው የእኔ ፕሮግራም ባዶ ቅጽ ይዞ ብቅ አለ። ደንግጣ ፕሮግራሙን ከኮምፒውተሯ ላይ ሰረዘችው። እሱም ሲሄድ ፋይሎቹን ለቀድሞው ፕሮግራም አልመለሰም፤ ከማን እንደወሰደ እንዲመዘግብ አላደረግኩትምና። ከዚያ በኋላ አንዱም ፋይል አልከፈት አለ።

«የታች ፍርድ ቤት የፈረደብኝ አንሶ ኮምፒውተሩም ይፍረድብኝ?» አሉ ሽማግሌው።

ከጎኗ ያለው፣ አሁንም በእጁ የሚጽፈው ጎረቤቷ አንገቱን አሰገገ። «አባባ፣ እኔ ጋ ይምጡ! የእኔ እስክሪብቶ ቫይረስ አይዘውም።»

«አንተ ዝም በል! ጽሑፍህን አንተም አታነበው» አለችውና ወደ እኔ ዞረች። «ቫይረስ ነው አይደል ጋሼ? ጠዋት የሰካሁት የአባባ ፍላሽ ነው ያመጣብኝ። ከጠዋት ጀምሮ ስቆጣቸው ነው የዋልኩት።»

ሽማግሌው ጫማቸውን ያያሉ።

«ሊሆን ይችላል» አልኩ።

ማስተካከሉ ቀላል ነበር። አንዱን ፋይል መርጬ በየትኛው ፕሮግራም እንደሚከፈት በእጄ ነገርኩት፤ ሁሉም ወደ ቦታቸው ተመለሱ። መዝገብ ቤቱ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ማመልከቻው ታተመ፣ ሽማግሌው ፈረሙና መንገዱን ተሻግረው ገቡ።

መሄድ እችል ነበር። እሳቸው በተነሡበት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። በሁለት ቃል ጥፋቴን የሰው ኪስ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ልጆቼ ይህን ቢያደርጉ ምን እንደምላቸው አውቃለሁ።

ሽማግሌው ማኅተም ያለበት ቅጂ ይዘው ተመለሱ። «ገባልኝ!»

«እሰይ! ያንን ፍላሽ ግን ሁለተኛ እንዳያመጡብኝ» አለቻቸው።

«ፍላሹ ምንም የለበትም» አልኩ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ፋይሎችሽን ሳልጠይቅሽ የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

«እያወቁ?»

«እያወቅኩ። ቅድም ‹ሊሆን ይችላል› ስልሽም አውቅ ነበር።»

ሽማግሌው «እኔ እኮ ከጠዋት ጀምሮ ያለ ጥፋቴ ይቅርታ ስጠይቅ ነው የዋልኩት» አሉ። «በሉ ይቅርታዬን ይመልሱልኝ።»

ተነሥቼ ሁለቱንም ይቅርታ ጠየቅኩ።

መጫኛውን እንደገና ጻፍኩት። አሁን የጽሑፍ ፋይሎቹን እኔ ልክፈት ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ «አዎ» የሚባልበት ሳጥንም ባዶውን ነው የሚቀርበው። ሲወጣም የነካውን እንደነበረ ይመልሳል። ልጄ አየችውና «አሁን ልክ ነው» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

አዲሱን ለጸሐፊዋ ወስጄ ስጭንላት ጥያቄው ጋ ስደርስ እጄን ከማውሱ አነሣሁ። ድምፅ አውጥታ አነበበችው። ሳጥኑን ባዶ ተወችና «ቀጥል» የሚለውን ተጫነች።

«አይከፋዎትም አይደል ጋሼ?»

«ኮምፒውተሩ ያንቺ ነው።»

አንድ የድሮ አቤቱታ ሁለቴ ተጫነች፤ በለመደችው ፕሮግራም ተከፈተላት። የእኔው ከዝርዝሩ ግርጌ ተሰልፎ ተራውን ይጠብቃል።