አህያውን ሊጠይቅ የመጣው ሰው

የልጅ ልጄ የምሕረት የታሪክ ፈተና ላይ ልክ የሆነ መልስ በቀይ ተሰርዟል። በደሉ ይመዝገብልኝ ብዬ ነው የምጽፈው። ጥያቄው፣ በደቡባዊ አፍሪካ የነበረው የሙታፓ መንግሥት ፖርቹጋሎችን እንዴት መመከት ይችል ነበር የሚል ነው። ምሕረት፣ ፖርቹጋሎቹን ጠርቶ ያስገባቸው ዙፋን የተነፈገ የንጉሡ ዘመድ ስለሆነ አስቀድሞ እሱን መካስ ነበር ብላ ጻፈች። መምህሩ ሰርዞ «ጠመንጃ በመታጠቅ» ብሎ አረመው።

እኔ ሰባተኛ ክፍልን አልጨረስኩም። ግን ሴት ብሆንም ወታደር ነበርኩ። ከሾኔ ተመልምዬ ሰሜን ግንባር በሬዲዮ ሠራተኛነት አገልግያለሁ። ሆሳዕና ከተማ ትምህርት ቤታቸው ሄጄ ለመምህሩ የነገርኩት ይህንን ነው።

አንድ ኮረብታ እንድንይዝ ታዘዝን። አርባ ሦስት ነበርን። ምሽጉ ጥሩ ነበር፤ ሁለት መትረየስ፣ ጥይትም በበቂ። ውሃ ግን የሚቀዳው ከታች ከወንዙ ነው። ስለዚህ ከመንደሩ የአንድ ገበሬ አህያ ወሰድን። ባለቤቱን አላስፈቀድንም።

ሰውዬው በማግስቱ ጠዋት መጣ። መቶ አለቃችን ተጫዋች ነበር። «አባባ፣ አህያዎ ብሔራዊ ውትድርና ገብታለች፤ ስትጨርስ ትመጣለች» አለው። ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። በሁለተኛው ቀን ተመልሶ መጥቶ እህሉ አውድማ ላይ ዝናብ ሊመታው እንደሆነ ተናገረ። የሰማው የለም። በሦስተኛው ቀን ጥበቃ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። ከመቶ አለቃው ላገናኘው እችል ነበር። «ይሂዱ አባባ፣ አያድክሙን» አልኩት። ዱላውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረና «እሺ፣ ልጄ» ብሎ ወረደ።

በአራተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተኩስ ተከፈተ። ከፊት አይደለም፤ ከጀርባ ነው። በዚያ በኩል ገደል ነው ብለን መትረየስ አልጠመድንም። ለካ በገደሉ ውስጥ ፍየል የሚወጣበት መንገድ አለ። ጠላቶቹን ከፊት ሆኖ የሚመራቸውን ሰው አየሁት፤ አወቅሁት። በሬዲዮ እርዳታ ጠየቅሁ፤ ጠብቁ ተባልን። መቶ አለቃው «መትረየሱን አዙሩ» እያለ ወደቀ። አንዱን አዞርን። ሁለተኛው ላይ የነበሩት ሁሉ ወድቀው ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ ኮረብታውን ለቀን ወረድን።

ወንዙ ዳር ስንቆጠር ሃያ ስድስት ሆንን። አሥራ ሰባቱ እዚያው ቀሩ። አስከሬናቸውን አላነሳንም።

ሰውዬውን ብዙ ዓመት ረገምኩት። በኋላ ተውኩት። ያን ቀን ባገናኘው ኖሮ መቶ አለቃው አህያዋን ይመልስለት እንደሆነ አላውቅም። እኔ እንዳላገናኘሁት ግን አውቃለሁ።

መምህሩ ባለጌ ሰው አይደለም፤ ወንበር ሰጥቶኝ እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ «እማማ፣ መጽሐፉ የሚለው ጠመንጃ ነው» አለኝ።

«ከእኛ ውስጥ ጠመንጃ ያልያዘ አልነበረም» አልኩት።

የፈተናውን ወረቀት ከእጄ ተቀብሎ እንደገና አነበበው። ቀዩን እስክሪብቶ አነሳና የራሱን እርማት ሰረዘ።

«የምሕረት ልክ ነው፣ እማማ» አለኝ። «ጎዶሎው የእኔ እርማት ነው።»