ለጾም የተበየደው ፍርግርግ

ቁጭ ብሎ መጠበቅ እኔ ላይ አልፈጠረብኝም። ድስት ከጣድኩ ክዳኑን አሥሬ እከፍታለሁ፤ ሰው ከቀጠርኩ በር ላይ ቆሜ መንገዱን አያለሁ። ባለቤቴ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያለ ሲያበሽቀኝ ይኖራል። ባጃጅ ለደብረ ማርቆስ ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን ያሳለፍኩትን አንድ ሁዳዴ ካነሳሁበት ግን እሱም መሳቁን ይተዋል።

የዚያ ሁዳዴ ጭንቀቴ አባቴ ነበሩ። ከይጁቤ ወጣ ብላ ባለች የገጠር ደብር የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ቀርተዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። ስለምናቸው ከርሜ በጾሙ መግቢያ ሆስፒታል ለመታየት መጡልኝ። እኔ ግን ታይተው እንዲመለሱ አልነበረም የፈለግሁት፤ አብረውን እንዲኖሩ ነበር። ትንሿን ክፍል ኖራ ቀብተን፣ አልጋ ዘርግተን ጠበቅናቸው። እሳቸው ጓዛቸውን እንኳ አልፈቱም። ከራስጌያቸው አንዲት የበሶ ከረጢት አስቀመጡ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቅዳሴ ሲመለሱ ከዚያች ከረጢት ዘግነው፣ በራሳቸው ኩባያ በጥብጠው ይጠጣሉ።

«አባባ፣ ሽሮ ሠርቻለሁ እኮ» እላቸዋለሁ።

«በሶው ይበቃኛል ልጄ። እሱ ሲያልቅ ወዳገሬ እገባለሁ።»

ምክንያቱን አልነገሩኝም፤ እኔ ግን አውቀዋለሁ። በእናቴ ቤት የጾም ዕቃ ለብቻው፣ የፍስክ ዕቃ ለብቻው ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ሥጋና ቅቤ የነካው ሁሉ ታጥቦ ቆጥ ላይ ይወጣል፤ እስከ ፋሲካ አይወርድም። እኔ ከተማ ገብቼ በአንድ ድስት ሁሉን አበስላለሁ። አሥር ጊዜ ባጥበው አያምኑትም፣ ደግሞም አይናገሩኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አዲስ ድስት ገዝቼ ምስር ሠራሁላቸው። ለወጉ ሁለት ጉርሻ ቀመሱና ወደ በሶአቸው ተመለሱ። እናቴ በጾም ከሰዓት በኋላ ድንች በፍም እየጠበሰች በቃሪያ ታቀርብላቸው እንደነበር ያን ዕለት ትዝ አለኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ልቤ አልረጋ አለ። ጠዋት ጠዋት ክፍላቸውን ስጠርግ መጀመሪያ የማየው ከረጢቷን ነበር። በየቀኑ ትጎድላለች።

ድንቹን የምጠብስበት ምድጃስ ነበረን። መንገድ የሚሠሩት የውጭ ሰዎች ካምፓቸውን ሲያነሡ ዕቃ ሸጠው ነበር፤ ባለቤቴም ሦስት እግር ያለው፣ ክብ፣ ክዳኑ እንደ ራስ ቁር የሚደፋ የከሰል መጥበሻ ገዝቶ መጣ። ጎረቤት ተሰብስቦ ስቆበታል። ከውስጡ የነበረው ፍርግርግ ግን ዝጎ፣ ስብ ጠጥቶ ጠቁሯል። ምን እንደጠበሱበት ማን ያውቃል? አባቴ አንድ ጊዜ ጎንበስ ብለው አይተውት አማተቡ። ጎድጓዳውን በአመድና በአሸዋ ፈትጌ፣ ባዶውን እሳት አንድጄበት አነጣሁት። ፍርግርጉ ግን ምንም ቢደረግ አይሆንም፤ ሥጋ ያልነካው አዲስ ያስፈልጋል።

ያኔ ነው መሯሯጡ የመጣው። ባለቤቴ ከተበላሸ ፍሪጅ መደርደሪያ ነቅሎ አመጣና «ይኸው፣ ልክክ አለ» አለ። ከሰሉ ሲግል ነጩ ቅቡ እየተላጠ ቤቱን አገማው። የዶሮ ሽቦ ገዛሁ፤ ድንቹ ሲያርፍበት ወደ ፍሙ ዘመመ። በሦስተኛው ሙከራ ገበያው አጠገብ ወዳለው ብየዳ ቤት ሄድኩ። ድንች በመሀረብ ቋጥሬ ነበር የሄድኩት፣ ቀዳዳው በልኩ እንዲሆን። በያጁ ድንቹን ተቀብሎ አገላበጠውና «ልበይደው ነው ያመጣሽው?» አለኝ። የቤት መሥሪያውን ብረት፣ ፌሮ አሳየኝ፤ ሸንተረሩ ምግብ ይይዛል፣ አይጠዳም። ቶንዲኖ የሚሉትን ለስላሳ ክብ ብረት መረጥኩ። ዘንጎቹ ጠበቅ እንዲሉ፣ ዳርና ዳሩ ላይ እጀታ እንዲኖር ነገርኩት። ረጅም መቆንጠጫም አዘዝኩ፤ የሽቦ ብሩሽ ከሱቅ ገዛሁ፤ ማራገቢያውን ከካርቶን ቆረጥኩ።

ፍርግርጉ ሁለት እንዲሆን ያለው ባለቤቴ ነው፤ ለፋሲካ ሥጋ ሊጠብስ አስቧል። ሁለት አንድ ዓይነት ብረት ቤቴ ሊገባ ነው ማለት ነው። በምን እለያቸዋለሁ? ቀለም ይቃጠላል፤ ጨርቅ ባስርበትም ይቃጠላል። የጾሙ መለያው ግልጽ እንዲሆን፣ የአባቴም ልብ እንዲያርፍ ብዬ በያጁን «መሃሉ ላይ ትንሽ መስቀል በይድበት» አልኩት። በያጁም ሐሳቤን ወደደው። እኔም በራሴ ኮራሁ። ነገ ነገ እያለ ቢያመላልሰኝም ከረጢቷ ሳታልቅ ደረሰልኝ።

በዚያ ቀን አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ሳይመለሱ ፍሙን አቀጣጠልኩ። ድንቹን ደረደርኩ፣ ቃሪያውን ሰነጠቅሁ። እግሬ ከግቢው በር እስከ ምድጃው ሲመላለስ ዋለ። ሲመጡ ሽታው ገና ከበሩ ተቀበላቸው። ቆም አሉ።

«ድንች ነው?»

«ድንች ነው አባባ። ብረቱ አዲስ ነው፤ ምንም አልነካው።»

ከመጡበት ቀን ጀምሮ ያላየሁትን ፈገግታ አየሁ። በርጩማ ስቤ አስቀመጥኳቸው። የተሻለውን ድንች ላነሳላቸው መቆንጠጫውን ሰደድሁ፤ ድንቹ ሲነሳ መስቀሉ ከሥሩ ብቅ አለ፣ ፍም መስሎ ቀልቷል። የደከመው ዓይናቸው ያን ለማየት አልደከመም።

«ይኸ ምንድን ነው?»

ምልክት መሆኑን ነገርኳቸው።

«መስቀል እሳት ላይ ይጣዳል?» አሉ በዝግታ። «የምንሳለመውን ድንች ትጠብሽበታለሽ?»

ተነሥተው ወደ ክፍላቸው ገቡ። በበሩ ሳጮልቅ ጋቢያቸውን እያጠፉ ነው።  ፍርግርጉን በመቆንጠጫው ከእሳቱ አውርጄ ውኃ ቸለስኩበት፣ በማዳበሪያ ጠቀለልኩትና ባጃጅ ውስጥ ገባሁ።

በያጁ የፈለግሁትን ሲሰማ የብረት መቁረጫውን ግራይንደር መሬት አስቀመጠ።

«ሥራ ስትይኝ ሠራሁ። መስቀል ቁረጥ ብትይኝ ግን እጄን አላነሳም እህቴ።»

ብለምነው፣ ብቆጣው እንቢ አለ። ሳላስቆርጥ ተመለስኩ። አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጓዛቸው ተቋጥሯል፤ ከረጢቷ ከላይ አለች፣ ጠፍጣፋ ሆና።

«አልቆርጥም አለኝ» አልኳቸውና እንባዬ መጣ። «አባባ፣ አይሂዱብኝ። እኔ ለድንቹ አይደለም የተሯሯጥኩት። እንዲኖሩልኝ ነው። እዚያ ብቻዎን ሲሆኑ እኔ እዚህ እንቅልፍ የለኝም።»

 ከዚያ ዱላቸውን አነሡ።

«ተነሺ» አሉ። «ኸበያጁ ውሰጅኝ።»

ባጃጅ ውስጥ ገብተው አያውቁም ነበር። ጉልበታቸው ጉልበቴን እየነካ፣ ማዳበሪያው በመካከላችን ሆኖ ሄድን። በያጁ ሲያያቸው ቆቡን አወለቀ። መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙት፣ በልባቸው የሚደግሙትን ደገሙና «ቁረጥ ልጄ፣ በእኔ ይሁን» አሉት። ብልጭታው ሲረግፍ ነጠላቸውን ዘርግተው ቆሙ። ትንሿ መስቀል ስትላቀቅ በነጠላቸው ጫፍ ተቀበሏት። ፍርግርጉ መሃል ላይ ሁለት የተላጡ ነጥቦች ቀሩ።

«አሁን በምን እለየዋለሁ?» አልኩ፤ ያን ሰዓት እንኳ ጭንቀቴ አላረፈም።

«ጠባሳው ይበቃል» አሉ።

ቤት ስንገባ እሳቱ ሞቶ ነበር። ላቀጣጥለው ጎንበስ ስል ከክፍላቸው ጠሩኝ። ጓዛቸው አሁንም እንደተቋጠረ አልጋው ላይ ነው። መስቀሏን በመዳፋቸው ይዘው ግድግዳውን ይዳስሳሉ።

«ሚስማር አለሽ?»

ሰጠኋቸው። ከራስጌያቸው በላይ፣ ማንም ምንም ሰቅሎበት በማያውቀው አዲስ ኖራ ላይ፣ ራሳቸው መቱት። መስቀሏን ሰቀሉ፣ ተሳለሙ። ከዚያ የበሶ ከረጢቷን ከጓዛቸው ላይ አንሥተው የቀረችውን ትንሽ ዱቄት ኩባያቸው ውስጥ አራገፉና ባዶዋን ሰጡኝ።

«አጥበሽ አስቀምጫት» አሉ። «ነገ ገበያ ስትሄጂ ለድንች ትሆንሻለች።»