ለእጅ የተለካ ስለት

አባቴ ከሰሜን ሸዋ መጥቶ ብስራተ ገብርኤል አጠገብ ቤት የሠራ፣ ዕድሜውን በመንግሥት መዝገብ ቤት ያሳለፈ ሰው ነበር። ለእኔ የተመኘልኝ ብዕርና ወንበር ነው። ጋራዥ ስገባ ቅር ቢለውም እንደምንም ዋጠው፤ መኪና መጠገን የዘመኑ ሥራ ነው ብሎ። ብረት በእሳት አግሎ መቀጥቀጥ ግን ሌላ ነገር ነበር። በእኛ ቤት «ቀጥቃጭ» የሚለው ቃል ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው የሚነሳው።

ወደ ብረቱ የወሰደኝ ካራቴ ነው። ዘመኑ የደርግ ነው። ከሥራ በኋላ በቀበሌው አዳራሽ አሥራ አንድ ሆነን እንሠለጥን ነበር። አሠልጣኛችን በወጣትነቱ በመርከብ ሠራተኛነት ባሕር ማዶ የቆየና ጥበቡን እዚያ የተማረ፣ ብቻውን የሚኖር ዝምተኛ ሰው ነበር። ቢላዋ ከያዘ ሰው ራስን ማዳን ሲያስተምረን በዱላ ስባሪ ነበር የምንለማመደው። አንድ ቀን ዱላውን ጣለና፣

«እንጨት አያስፈራም። ያልፈራ ሰው ደግሞ አይማርም» አለን። «ክብደቱና ቅዝቃዜው የእውነት የሆነ፣ ግን የማይቆርጥ ቢላዋ ቢኖረን ጥሩ ነበር።»

«እኔ እሠራለሁ፣ ጋሼ» አልኩ። በሕይወቴ ማንኪያ እንኳ ሠርቼ አላውቅም።

ጋራዣችን ጥግ የተሰባበረ ባሌስትራ ተከምሮ ነበር፤ የጭነት መኪናን ክብደት ከሥሩ የሚሸከመው ጠፍጣፋ ብረት። ከዚያ ቆርጬ በሞረድ ብቻ እየፋቅሁ ከወር በላይ የፈጀብኝ የመጀመሪያው ቢላዋ እንደ ማረሻ ከባድ ሆነ። ሁለተኛውን በከሰል አግዬ ቀጠቀጥኩትና ውኃ ውስጥ ነከርኩት። አዳራሹ ወለል ላይ ሲወድቅ እንደ ሸክላ ለሁለት ተሰበረ። ማንም አልሳቀም፤ ያ ነው የባሰብኝ።

በማግስቱ ለቡ ሄድኩ። ያኔ ለቡ እርሻ ነበር፤ ለገበሬዎቹ ማረሻና ማጭድ የሚሠራ አንድ ሽማግሌ እንዳለ ሰምቻለሁ። ከወናፉ አጠገብ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። የተሰበረውን ብረት አሳየሁትና እንዲያስተምረኝ ለመንኩት። ስብራቱን በጣቱ ዳሰሰው።

«የማን ልጅ ነህ?»

ነገርኩት።

«አባትህ እዚህ መምጣትህን ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያው ሂድ ልጄ። እኛን ይህን ሥራ በመያዛችን ቡዳ ይሉናል፤ ልጆቻችንን የሚያገባ የለም። አንተ ምን ቸግሮህ ነው ስማችንን የምትሸከመው?»

ብረቱን መልሶ ሰጠኝና ወደ እሳቱ ዞረ። እስከ ቤቴ በእግሬ ስመለስ ያሳፈረኝ መከልከሌ አልነበረም። የበላሁት እህል ሁሉ በእነሱ ማረሻ የታረሰ ሆኖ ሳለ አንድም ቀን ስለነሱ አለማሰቤ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያስተማረኝ ጥፋቴ ነው። በውኃ ፋንታ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሞከርኩ። አንዱን ቢላዋ ዘይቱ እንዲደርቅ ብዬ እሳቱ ዳር ረሳሁት፤ ሳነሳው የገብስ ገለባ መልክ ይዟል። ተበላሸ ብዬ በንዴት ድንጋይ ላይ ወረወርኩት። ነጥሮ ወደቀ እንጂ አልተሰበረም። እሳት ዳር በዝግታ እንደገና ማሞቅ ብረትን ከስብራት እንደሚያድን ያወቅሁት እንዲህ ነው። እጀታውን ከወይራ ሠራሁ። የሁሉም እጅ አንድ እንዳልሆነ ሳስተውል ደግሞ እያንዳንዱን ሰልጣኝ እርጥብ ጭቃ አስጨብጬ፣ ጣቶቹ ባሳረፉት ጉድጓድ ልክ እጀታውን መቅረጽ ጀመርኩ።

አባቴ የሰማው ከጎረቤት ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ከአንድ ትሪ የምንበላ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ያን ቀን ማታ የእኔን ድርሻ በሳህን አድርጎ ገፋልኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ ለብቻህ ብላ» አለ።

ለሰባት ወር ያህል እንደዚያ በላን።

ከዚያ ፍተሻ መጣ። በጠዋት አብዮት ጠባቂዎች ቤታችን ገብተው አልጋዬ ሥር በጆንያ የተጠቀለሉ አሥራ አንድ ቢላዎች አወጡ። ቀበሌ ወሰዱኝ። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው።

«ማንን ልታስታጥቅ ነው?»

«ስለት የላቸውም ጓድ፤ ለስፖርት ነው የሠራኋቸው።»

አውራ ጣቱን በአንዱ ጠርዝ ላይ ሳብ አደረገ። አልቆረጠውም።

«ዛሬ የለውም» አለ። «ነገ በሞረድ ታወጣለታለህ።»

እውነቱን ነበር።

አራት ቀን ታሰርኩ። አባቴ በየቀኑ ምግብ በር ላይ እየሰጠ፣ ሳያየኝ ይመለስ ነበር። በአምስተኛው ቀን በመስኮቱ የአሠልጣኜን ድምፅ ሰማሁ። ማንም አልጠራውም።

«ያዘዝኩት እኔ ነኝ» ይላል። «ልጁ የሠራው በእኔ ቃል ነው።»

ከሰዓት በኋላ እኔ ስወጣ እሱ ገባ። በሩ ላይ ተላለፍን።

«ወደ ቤትህ ሂድ» አለኝ። «ዞር ብለህ እንዳታይ።»

እንዳለኝ አደረግሁ። አለመዞሬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አባቴ ደጅ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። እስክጨርስ አዳመጠኝ፤ ከዚያ ገብቶ አንድ ትሪ አቀረበና «እጅህን ታጠብ» አለኝ። ከፊቴ ቁጭ ብሎ ቆረሰ። ጥቂት እንደበላን ጠየቀኝ።

«ሰውየው ሚስት ወይ ልጅ አለው?»

«የለውም። አንዲት እህት ነው ያለችው፤ እሷም አገር ቤት ናት።»

«እንግዲያው ስንቁን እኛ እናደርሳለን።»

ክረምቱን ሙሉ ያን ስንቅ ያመላለሰው አባቴ ነው። ዝናብ ሲሆን ሳህኑን በካፖርቱ ሸፍኖ፣ እሱ ራሱ እየበሰበሰ።

አሠልጣኜ የተፈታው ከመስከረም በኋላ ነው። ቤታችን ሲመጣ አባቴ ከመቀመጫው ተነሣለት። አሠልጣኜ ለሰላምታ በዘረጋው ቀኝ እጁ ላይ ሁለቱ ትንንሽ ጣቶች አይታጠፉም። ምን እንደደረሰበት አልነገረን፤ እኛም አልጠየቅንም። አዳራሹ የእህል መጋዘን ሆኗል፣ ቢላዎቹም የት እንደገቡ አይታወቅም። እኔ ግን ጓሮ ወጥቼ ጭቃ አቦካሁና ይዤለት መጣሁ።

«በየትኛው?» አለኝ።

«በቀኙ፣ ጋሼ።»

ጨበጠው። ሦስት ጉድጓድ ብቻ ወጣ። ለቀሩት ሁለት ጣቶች ማረፊያ የሚሆን ጎበጥ ያለ እጀታ ለመሥራት አራት የወይራ እንጨት አበላሸሁ፤ የጨረስኩት ለገና ሰሞን ነው። አዲሱን ቢላዋ ስሰጠው ይዞት ቆመ፤ እጁን በዝግታ ዘርግቶ መለሰው። አልወደቀም።

«አይቆርጥም አይደል?»

«አይቆርጥም።»

«ጥሩ» አለ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከዚያ በኋላ ከአሥራ አንዱ የቀረነውን አራታችንን በራሱ ግቢ ውስጥ በሩን ዘግቶ ሁለት ዓመት አስተማረን። ሳንባውን ታሞ ሲሞት እህቱ ከአገር ቤት መጥታ ዕቃውን ሰበሰበች። ቢላዋውን አገላብጣ አየችው።

«ይሄ ስለት እንኳ የለው፤ ምን ያደርግለት ነበር?» አለችኝ።

ላስረዳት ሞከርኩ፤ ከጭቃው ጀምሬ። ሳልጨርስ አለቀሰች፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ከልብሱ ጋር አስቀመጠችው። በሚቀጥለው ሳምንት ሦስቱ ጓደኞቼ ጋራዡ ግቢ መጥተው ቆሙ። የሚያስተምራቸው ሰው አልነበረም፤ እኔ ጀመርኩ።