የስሚልያ አረንጓዴ

እህቴ ስሚልያ ቀናተኛ ናት። ልጆች ሳለን የኔ ሪባን ሁልጊዜ ከሷ የሚያምር ይመስላት ነበር፤ እናታችን ሁለቱንም ከአንድ ጥቅልል እንደቆረጠችው ብትምልላትም አታምንም። ስለዚህ በጎረቤቷ በራዲቮዬ ኮራል ቀንታ ስታብድ እኔን አልገረመኝም።

ባሏ ከሞተና ከፖስታ ቤት ጡረታ ከወጣች በኋላ፣ ኖቪ ሳድ ከተማ ባለው አፓርታማዋ ሳሎን ውስጥ ኮራል የምታሳድግበት ትልቅ የመስታወት የጨው ውሃ ገንዳ አቆመች። ድመት ብታሳድግ እመርጥ ነበር። ቤቱ ቱቦ በቱቦ ሆነ፤ ሶፋው ላይ እንኳ የሚቀመጠው የጨው ባልዲ ነው። ኮራል ደግሞ ድንጋይ ቢመስልም የባሕር እንስሳ ነው፣ ያውም አመለኛ እንስሳ። ውሃው ወይም ከላዩ የሚበራለት መብራት ትንሽ ከተለዋወጠበት ይኮማተራል።

ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ጫፉ ሐምራዊ የሆነ፣ እንደ ቁጥቋጦ የተንሰራፋ አረንጓዴ ኮራል ነበር። ጥፍር ከምታክል ቁራጭ ያሳደገችው ነው። ገንዳ ያላቸው ሰዎች ኮራልን ባሳደገው ሰው ስም ይጠራሉ፤ ይሄኛውንም ከተማው ሁሉ «የስሚልያ አረንጓዴ» ይለው ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ስትቀመጥ ስሟን የጠየቃት የለም። በዚህ ኮራል ግን ሰው አወቃት።

ከሚወዱት ላይ ቆርጦ ለሌላ መስጠትም ልማዳቸው ነው፤ የራስህ ቢሞት ከሰጠኸው ሰው መልሰህ ትወስዳለህ። ስሚልያ ስታንገራግር ቆይታ በመጨረሻ ለራዲቮዬ ሰጠች። ራዲቮዬ ከሷ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖር፣ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ፣ ምንም የማያስጨንቀው ሰው ነው። እሱን የመረጠችው እንደማያሳድገው እርግጠኛ ስለነበረች ይመስለኛል።

በሁለተኛው ዓመት፣ በቅዱስ ኒቆላዎስ ቀን፣ የራዲቮዬ ቤት ስላቫ ሆነ። ስላቫ የቤቱ ጠባቂ ቅዱስ ዝክር ነው፤ ማንም አይጠራም፣ መቅረት ግን ነውር ነው። ሄድን። እንግዳው ዓሣውንና ራኪያ የሚሉትን አረቄ ትቶ ገንዳው ዙሪያ ተኮልኩሏል። የስሚልያ ቁራጭ ጥቅል ጎመን አክሏል፤ ጫፉ ስሚልያ ቤት ካለው ከእናቱ ጫፍ ይበልጥ ያበራል። አንድ ጢማም ሰው ራዲቮዬን ከዚህ ካንተ አረንጓዴ ለኔም ቁረጥልኝ አለው። ራዲቮዬ አፉ በዓሣ ተሞልቶ ስለነበር እሺ በሚል ራሱን ብቻ ነቀነቀ።

ደረጃውን ስንወርድ ስሚልያ ክንዴን ጨመደደችኝ።

«ሰማሽው? ካንተ አረንጓዴ አለው እኮ!»

«እያኘከ ነበር እቴ፣ ምን ይበል?»

«ዋጥ አድርጎ የስሚልያ ነው ቢል ያንቀዋል?»

መብራቱ ነው፣ ውድ መብራት ገዝቶ ነው አለች። ለጀማሪ ሁሉ መብራት ቀስ በቀስ ጨምሩ እያለች ስትሰብክ የኖረች ሴት፣ በማግስቱ የራሷን እስከ መጨረሻው ለቀቀችው። ተይ አልኳት። ኮራሉ ገርጠት ሲል አማረበት አለች። ከዚያ ነጣ። መብራቱን ብትቀንስ፣ ውሃ ብትቀይር አልዳነም፤ ሥጋው እየተላጠ አጥንቱ ቀረ። ባሏ ሲሞት እንኳ እኔ ፊት ያላለቀሰች ሴት ባልዲው ላይ ተቀምጣ ተንሰቀሰቀች።

ከራዲቮዬ ቁራጭ ጠይቂ ብላት፣ እሱን ከምለምን ገንዳውን አውጥቼ ብጥል ይሻለኛል አለች።

ከወር በኋላ፣ በጥር የሚውለው የቅዱስ ዮሐንስ ቀን ደግሞ የሷ ቤት ስላቫ ነው። በዚያ ቀን በር አይዘጋም። ገንዳውን በጠረጴዛ ልብስ ልትሸፍነው ስትል፣ እንግዳ ሬሳ ያለ ይመስለዋል ብዬ ከለከልኳት። ራዲቮዬ ከሁሉ በኋላ መጣ። ካፖርቱ ውስጥ ከብርዱ ሸሽጎ የያዘውን ብልቃጥ አውጥቶ ሰጣት። በውሃው ውስጥ አንድ ወፍራም አረንጓዴ ቅርንጫፍ ነበር።

«በረንዳሽ ላይ የሚያርፈው የገንዳሽ ብርሃን ከላይ ሳየው ሲደበዝዝብኝ ደህና እንዳልሆንሽ ገባኝ፣ ጎረቤት» አላት።

አላመሰገነችውም። «ምን ዓይነት መብራት ነው ያለህ?» አለች።

«አንቺ አሮጌ ነው ብለሽ የጣልሽውን ነዋ። እኔ ሰነፍ ነኝ፣ እጄን አልከትበትም፤ እሱ ራሱ ያድጋል።»

ቢሰድባት ይሻላት ነበር። አንገቷ ድረስ ቀላች። ቅርንጫፉን ገንዳው ውስጥ ስታስቀምጥ እንግዶቹ ተሰበሰቡ፤ አንዷ ይሄ ደግሞ የማን ነው ብላ ጠየቀች።

«የስሚል—» ሲል ራዲቮዬ አቋረጠችው።

«የራዲቮዬ አረንጓዴ ይባላል» አለች። ወደሱ ግን አላየችም። «የኔን እኔው ገድዬዋለሁ።»

ከዚያ እንግዳ ሳይሄድ ወጥ ቤት ገብታ ሳህን ማጠብ ጀመረች፤ ሳህኑ ሲንቋቋ ሳሎን ድረስ ይሰማ ነበር።