ቴስተሩ አምስት አለ

ሰፈሩ ጋሽ ፊውዝ ይለዋል። ካውያና ምድጃ ሲጠግን ሃያ ዓመት ያለፈው ሰው ነውና ስሙ ከሥራው የመጣ ይመስላል። የሚያውቁት ግን ቶሎ ስለሚቃጠል ነው ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ከሁሉ በላይ የሚያቃጥለው ደግሞ ሚስቱ ሌላ ሰው ስታደንቅ መስማት ነው።

ድሮ ሱቁ ውስጥ ከጎኑ ተቀምጣ፣ ሽቦ እየያዘችለት፣ ይሄ ለምን እዚህ ገባ እያለች ትጠይቀው ነበር። ሲያስረዳት ዓይኗ ከፊቱ አይነቀልም። ለዚያ አስተያየት ሲል ብቻ ተጠግኖ ያለቀ ካውያ ፈትቶ እንደገና የገጠመበት ቀን አለ። ዘንድሮ ግን የቴክኒክ ትምህርት ቤቱን የቅዳሜ ክፍል ጀመረች፤ ከዚያ ወዲህ «መምህራችን» የሚባል ሰው ቤታቸው ገባ። ምሳ ላይ መምህራችን፣ ልብስ ሲታጠፍ መምህራችን።

አንድ ቀን ደብተሯን ዘረጋችለት። ኤሌክትሪክ የሚገቱ ስድስት ሬዚስተሮችና ሁለት ባትሪ እንደ ተተበተበ ክር ተስለውበታል። ይህ ሁሉ ጣጣ ከሁለቱ ጫፎች ሆኖ ለሚያየው አንድ ባትሪና አንድ ሬዚስተር ማለት ብቻ ነው፣ መምህራችን በአምስት ደቂቃ አቀለለው አለችው። ባትሪው ስድስት ቮልት፣ ሬዚስተሩ አሥር ሺህ ኦም። ጋሽ ፊውዝ ቆሽቱ አረረ። እሱ ሥራ የለመደው እያንዳንዱን ሽቦ በጣቱ እየተከተለ ነው፤ ያ ጠመኔ ጨባጭ ደግሞ ስድስቱንም ጠራርጎ አንድ ያደርግና ይመሰገናል። ወጣት ነው ወይስ ሽማግሌ ብሎ ሊጠይቃት አፉ ላይ ደርሶ መለሰው።

«በወረቀት ማንን ያቅተዋል» አላት።

ሐሙስ ሱቁን በጊዜ ዘጋ። ከደብተሯ የገለበጠውን ሥዕል አንድም ሳያጓድል ጣውላ ላይ በይዶ ሠራው። ቮልት የሚለካበትን ባለመርፌ አሮጌ ቴስተሩን አምጥቶ ሁለቱ ጫፎች ላይ ሲያስነካው መርፌው አምስት ላይ ቆመ። መስታወቱን መታ መታ አደረገው፤ አምስት። ባትሪዎቹን በአዲስ ቀየረ፤ አሁንም አምስት። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ይህ ቴስተር በካውያም በምድጃም ዋሽቶት አያውቅም። እንግዲህ መምህር ተብዬው አንድ ሙሉ ቮልት ስቷል ማለት ነው። ቅዳሜ ክፍሉ ድረስ ሄዶ፣ በተማሪው ሁሉ ፊት፣ እሷ እያየች ያጋልጠዋል። ያኔ ያ ድሮ የሚያውቀው አስተያየት ወደ እሱ ይመለሳል።

ቅዳሜ ጠዋት ኮቱን ለብሶ፣ ጸጉሩን አርሶ አበጥሮ፣ ጣውላውንና ቴስተሩን በብብቱ ይዞ በር ላይ ቆመ። ሚስቱ ወዴት ነው ብትለው ሁሉንም ነገራት። ደስታውን መደበቅ አልቻለም።

አልተቆጣችውም። ጣውላውን ተቀብላ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ብየዳውን አንድ በአንድ አየች፤ እንከን አልነበረውም። ቴስተሩን ሲያስነካላት መርፌው አምስት ላይ ቆመ። ከዚያ ቴስተሩን አንስታ ወደ መስኮቱ ወሰደችና ከመርፌው ሥር ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበበች። በሃያ ዓመት ውስጥ እሱ አንድም ቀን አላነበበውም።

«ቴስተሩም እኮ ሬዚስተር ነው» አለችው። «ማዞሪያውን አሥር ቮልቱ ላይ ስታደርገው ሃምሳ ሺህ ኦም ነው። ጫፎቹ ላይ ስታስነካው ስድስቱን ቮልት ከአሥር ሺው ጋር ይካፈላል።»

አንድ ባትሪ፣ አንድ ሬዚስተር፣ ከጫፉ ደግሞ ቴስተሩን ሳለችለት። አሥርና ሃምሳ፣ ስልሳ ሺህ። ስድስት ቮልት ለስልሳው ሲከፋፈል ለሃምሳው አምስት ይደርሰዋል። ቴስተሩ ሲነሳ ስድስት ነው። በካውያና በምድጃ ይህ ለምን እንዳልታየም ወዲያው ገባው፤ የእነሱ ሬዚስተር ትንሽ ስለሆነ ቴስተሩ የሚወስደው አይታወቅም።

ክፍል ሄዶ ቢሆን ምን ሊሆን እንደነበር ሲያስበው ፊቱ እስከ ጆሮው ጋለ። የከነከነው ግን ሌላ ነገር ነበር።

«ይሄን ያስተማረሽ መምህርሽ ነው?»

«አይ፣ እዚህ ገና አልደረስንም። አሁን ሳየው ነው የገባኝ።»

መምህሩ ቢሆን ይሻለው ነበር። መምህሩን ይጠላዋል፣ ስህተት ይፈልግበታል። እሷን ምን ያድርጋት? ወረቀቱ ላይ ጎንበስ እንዳለች አያት። ዓይኗ እሱም ላይ አልነበረም፣ ሌላ ሰው ላይም አልነበረም። ቅናቱ መሄጃ አጥቶ ደረቱ ላይ ተቀመጠ።

ኮቱን ሳያወልቅ ወንበር ስቦ ከጎኗ አረፈ፣ ሱቁ ውስጥ እሷ ትቀመጥበት በነበረው በኩል።

«እስቲ ከመጀመሪያው አሳዪኝ» አላት።